ያልተገለበጠው ማዳመጫ

የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ፎጣ ተነጥፏል፤ ፎጣው ላይ ሆዱ የተከፈተ የጆሮ ማዳመጫ ተጋድሟል። አጠገቡ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን አለ፤ በየጉድጓዱ ብሎኖች፣ ቀለበቶችና የሽቦ ቁርጥራጮች እንደየወገናቸው ተቀምጠዋል። በላይኛው ረድፍ የግራው፣ በታችኛው ረድፍ የቀኙ። ሰውየው ሥርዓት ይወዳል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን እጁ ሥርዓት አልያዘለትም፤ ትንሿን ካቻቢቴ ብሎኑ ራስ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ሦስት ጊዜ አዳለጠችው።

«መዳፍ የማትሞላ ነገር ፈትተህ የጭነት መኪና ሞተር እንዳወረደ ሰው ያልብሃል» አለችው ሚስቱ፣ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል።

«ሙቀቱ ነው።»

«መስኮቱን ልክፈተው?»

«ተይው፣ ጫጫታ ይገባል።»

ላቡ የሙቀት አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር። የሚፈራውን ነገር ደግሞ ከራሱ በቀር ለማንም አልተናገረም።

ሰውየውን የሥራ ባልደረቦቹ ራዳር ይሉታል። መጻሕፍት በድምፅ እየተነበቡ በሚቀዱበት አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ የድምፅ አራሚ ነው። አንባቢዋ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ታነባለች፤ እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ ይቀዳል። ከዚያ ሳሏን ይቆርጣል፣ የወንበሯን ሲጥሲጥታ ያጠፋል፣ ድምፅዋን አስተካክሎ ከአድማጩ ፊት፣ ልክ መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። ቅጽል ስሙን ያገኘው አንድ ቀን ቀረጻ አስቁሞ «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ሳይዘጋ የሄደ ሰው አለ» በማለቱ ነው። ስቱዲዮው ምድር ቤት ነበር። ሳቁበት። ሰው ተልኮ ሲታይ ግን ቧንቧው እውነትም ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራዳር ሰማሁ ካለ ድምፅ አለ፤ አልሰማሁም ካለ ደግሞ ድምፅ አልነበረም ማለት ነው። ስሙን ይወደው ነበር። የሚኖረውም፣ ቤቱን የሚያስተዳድረውም በዚያው ጆሮው ነው።

አባቱ ግን አይሰሙም። በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል አብረዋቸው ይኖራሉ። የማተሚያ ማሽን ሠራተኛ ነበሩ፤ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ጆሯቸው መድከም ጀመረ፣ በሃምሳ ዓመታቸው ጨርሶ ተዘጋ። ቀድሞ የሄደው ግራው ነበር። ራዳር አሁን አርባ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ዕድሜውን ከነወሩ መቁጠር የጀመረው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማዳመጫውን አጥልቆ ቀረጻ ሲጀምር የአንባቢዋ ድምፅ መሀል ላይ አልነበረም። ወንበሯን ይዛ ወደ ቀኝ የሸሸች ያህል ነበር። ቀና ብሎ በመስታወቱ አያት፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ቁልፎቹን ነካካ፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ያው ነው። በግራው በኩል ሴትዮዋ ከጥጥ ክምር ጀርባ የምታወራ ትመስላለች። ያኔ ለራሱ አንድ ነገር ነገረው፦ «ማዳመጫው አርጅቷል።»

እውነትም አርጅቷል። ከራዳር በዕድሜ የሚያንሰው በጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ዕለት ከአንገታቸው ላይ አውልቀው አንገቱ ላይ ያጠለቁለት ነው። ቅስቱ ብረት ነው፤ ሲያጠልቁት ጭንቅላትን ግራና ቀኝ እንደ ሁለት መዳፍ ይይዛል። ሽማግሌው አንዲት የማትጣስ ሕግ ነበረቻቸው። ገመዱ የሚወጣው ከግራው በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ገመዱ በግራ ትከሻ ላይ ሳይወርድ ሥራ አይጀመርም። ራዳር ጀማሪ ሳለ አንድ ቀን ቢሳሳትና ገልብጦ ቢያጠልቀው «ሱሪህንም ፊቱን ወደ ኋላ አድርገህ ነው የምትለብሰው?» ብለው ስቱዲዮውን በሙሉ አሳቁበት። ከዚያ ቀን ወዲህ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ገልብጦት አያውቅም።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነበር። ማዳመጫውን ገልብጦ ማጥለቅ፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ማድረግ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ አይሆንም። ድካሙ ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥፋቱ የማዳመጫው ነው፤ ይጠገናል። ድካሙ እዚያው ግራ ላይ ከቀረ ግን የሚደክመው ጆሮው ነው። ራዳር ይህን ያውቃል፤ መቶ ጊዜ አስቦታል። መቶ ጊዜም «የሠለጠነ ሰው እንዲያ አያጠልቅም» ብሎ ትቶታል። ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ማዳመጫ ነበር፤ እሱንም «የጆሮ ትራሱ ደረቅ ነው፣ ራስ ያሳምማል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አሮጌውን ማታ ማታ በከረጢት ወደ ቤት እያመጣ ጥገና ጀመረ።

ማክሰኞ የመሰኪያውን ዝገት በአልኮል ጠረገ። ረቡዕ ገመዱን በአዲስ ለወጠ። ሐሙስ ድምፅ የሚያወጡትን ሁለቱን ትንንሽ ስፒከሮች ፈትቶ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳውን ሽፋናቸውን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር ለካቸው። ቴስተር የሚባል ዕቃ መቼም ይሉኝታ አያውቅም። ግራው ስድስት መቶ ሁለት ኦም። ቀኙ ስድስት መቶ ሦስት። ከአንድ እናት የተወለዱ መንትዮች ናቸው ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ራዳር ግን ቁጥሩን ማመን አልፈለገም። ከዚያ ተነሣ፤ የቴስተሩን ባትሪ ቀየረ፤ ደግሞ ለካ። ስድስት መቶ ሁለት። ስድስት መቶ ሦስት።

«ይሄ ቴስተር ዱሮም ውሸታም ነው» አለና ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው።

ዓርብ ደግሞ ፉጨቱ መጣ። ቀጭን ነው፤ አይቋረጥም፤ በግራው በኩል ነው። ማቀዝቀዣው ይሆናል ብሎ ማቀዝቀዣውን ነቀለው። ፉጨቱ አልቆመም። እንግዲያው ውጭ ካለው የመብራት ምሰሶ ነው አለ። ማቀዝቀዣውን መልሶ ሊሰካ ሲል መሰኪያው ቀዳዳውን እየሳተ ግድግዳውን ሁለቴ ጫረው።

ቁጥር አልሆነው ሲል ወደ ጨርቅ ዞረ። የቆየ ማዳመጫ ቤታቸው ውስጥ የሚያሻሽሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ከስፒከሯ ጀርባ ድምፁን የሚያለዝብ የሱፍ ጨርቅ አለ፤ ሲሳሳ ድምፁ ይከፈታል፣ ሲወፍር ይታፈናል። ራዳር የግራውን ሱፍ በምላጭ አሳሳው። ትንሽ ተሻለ። በማግስቱ ግን እንደገና የደከመ መሰለው፤ ደግሞ አሳሳው። በመጨረሻም ጨርሶ አወጣው። ከዚያ ወዲያ በግራው በኩል የሚነሣለት ነገር ስላልነበረ ቀኙን ማፈን ጀመረ። ከአሮጌ ካፖርት ክብ ጨርቅ ቆርጦ አንድ ደረበበት፣ ሁለት ደረበበት። እሱም አልበቃ ሲል ኤሌክትሪኩን የምታደክም፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕቃ ከቀኙ ሽቦ ላይ በየደ። ሁሉንም በደብተር ይጽፋል፦ ቀኑን፣ የነካውን ነገር፣ ያገኘውን ውጤት። «ተስተካክሏል» ብሎ ይጽፋል። በማግስቱ «ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ይጽፋል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ አለቃው ቢሮ አስጠራው።

«ራዳር፣ ና እስቲ ቁጭ በል። ያ ሰሞኑን የላክነው ምዕራፍ አለ አይደል?»

ራዳር ቁጭ አለ። «ምን ሆነ?»

«መኪናዬ ውስጥ ከፈትኩት። ሴትዮዋ በግራ፣ በኔ በር በኩል ተለጥፋ ነው እንዴ የምታነበው! በሩን ከፍታ ልትወርድብኝ ነው የሚመስለው።» አለቃው በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀ።

ያን ምዕራፍ ያስተካከለው ራዳር ራሱ ነው። መሀል እስክትመጣለት ድረስ አንባቢዋን ወደ ግራ፣ ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ እየገፋ ነበር።

«ወዲያው የመኪና ስፒከር ለሚጠግን ሰው አሳየሁት» አለ አለቃው። «ስፒከሩ ደህና ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። ስማ፣ ራዳር መሀል አስቀመጥኳት ካለ መሀል ነች፣ አንተ ነህ የማታውቀው አልኩት። ሌላ የሚያውቅ ሰው ጋ ልወስደው ነው። የምታውቀው ሰው አለ?»

«የለም… ሌላ ሰው ይየው» አለ ራዳር፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው እግር ላይ ሳያነሣ።

ከቢሮው ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ተቆጥቶት ቢሆን ይሻለው ነበር። የተበላሸው ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አለቃው በእሱ ጆሮ አምኖ ደህና መኪናውን ሊያስፈታ ነው! ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በአጠገቡ እያወሩ አለፉ። አንደኛው የሆነ ነገር ብሎት ሳቀ። ራዳርም ምን እንዳለው ሳይሰማ አብሮ ሳቀ።

ያ ቅዳሜ እንግዲህ የመጨረሻው ሙከራ ነበር። በቀኙ ሽቦ ላይ ሁለተኛዋን የሩዝ ፍሬ በየደ። ቀሪው ነገር ትራሱ ነው። የድሮዎቹ ትራሶች ተሰነጣጥቀው ስፖንጁ እንደ አሮጌ ዳቦ ይፈረፈር ስለነበር፣ ሚስቱ ከማትይዘው የቆዳ ቦርሳ ላይ ቆርጣ አዲስ ልትሰፋለት ቃል ገብታለች። ልብስ ሰፊ ነች፤ የዕድሜዋን እኩሌታ ጭኗ ላይ ጨርቅ ይዛ ነው የኖረችው።

«ይኸው፣ ግራና ቀኝ የለውም፣ ሁለቱም አንድ ነው» ብላ አቀበለችው። «ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ፣ ምሳ ምን ልሥራ ብዬ።»

«አልሰማሁሽም።»

«ሰሞኑን እኮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል። ከዚህ ብረት ጋር ተጋብተህ እኔን ፈትተኸኛል። ጠረጴዛ ላይ እንኳ ከኔ ሸሽተህ ወንበር ቀይረሃል።»

«መስኮቱ ዓይኔን ይወጋኛል ብዬሻለሁ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ያልወጋህ መስኮት!»

አባትየው ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ተቀምጠው ነበር። ሰው ሲያወራ ከአፍ ወደ አፍ እየተዘዋወሩ በዓይናቸው ይከተላሉ። ከንፈር ማንበብ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ስላለፋቸው፣ ከሚሰማ ሰው ይልቅ የሚያመልጣቸው ነገር ጥቂት ነው።

ራዳር ትራሶቹን አለበሰ፣ ብሎኖቹን ከላይኛውና ከታችኛው ረድፍ እያነሣ አሰረ። ማዳመጫውን አጠለቀ፤ ገመዱን በግራ ትከሻው አወረደ። እንደ መፈተኛ የያዛትን ቅጂ ከፈተ። አንባቢዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ከግንባሩ ፊት፣ ልክ መሀል ላይ፣ እንደ ዱሮዋ።

ትንፋሹን ለቀቀው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቃላቱን አልሰማቸውም፤ የሰማው ቦታዋን ብቻ ነው። «መጣች» አለ ጮክ ብሎ። «አየሽ፣ ማዳመጫው ነበር! አልኩሽ እኮ!»

«ምኑን አልከኝ? ምንም አላልከኝም» አለች ሚስቱ እየሳቀች። የእሱ ደስታ ተጋብቶባት ከማሽኗ ተነሣች። «እስቲ አምጣው፣ የኔም ላብ አለበት።»

ራሱ አጠለቀላት። ገመዱንም ራሱ በግራ ትከሻዋ አወረደላት። ቅጂውን ከፈተው።

«ውይ!» ብላ የግራውን ከጆሮዋ ላይ ፈንቅላ አነሣችው። «ጆሮዬን በሳኸው እኮ! ምን አድርገኸው ነው?»

«የቱን?»

«ይሄ በገመዱ በኩል ያለው ይጮሃል። ያኛው ደግሞ ያለም አይመስልም።»

«አስተካክለሽ አላጠለቅሽውማ።»

«ያጠለቅኸው አንተ ነህ!»

«እንግዲያው ያንቺ ጆሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ማሽን ሥር ተደፍተሽ እየዋልሽ፣ ምን ጆሮ ይተርፍሻል?»

ሚስቱ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አውልቃ ፎጣው ላይ አስቀመጠችው። «እሺ፣ የኔ ጆሮ ነው የተበላሸው» አለች። «እንግዲያው አባባን እናሰማቸው?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። ራዳር ግን ስድቡ አልተሰማውም። ጆሮውን የሞላው የእሷ «ውይ» ነበር። ስትል አይቷታል። የግራው ነው የጮኸባት። ለእሱ ልክ የሆነው፣ ለእሷ ጩኸት ነው።

የአባትየው ከዘራ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ ሽማግሌው ሲናገሩ ቤቱ በሙሉ ነው የሚናገረው።

«አንተ ልጅ! ቀኝህን እያዞርክ ማዳመጥ ከጀመርክ ስንት ቀንህ ነው?»

ራዳር ወደ እሳቸው ዞረ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ይኸው! አሁንም አዞርክ!» አሉና እንደ ዶሮ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አሳዩት። «እኔ ነኝ እንዲህ እያልኩ የኖርኩት፣ አላውቀውም? ወንበር የቀየርክ ዕለት ነገሩ ገባኝ።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባለፉት ቀናት ያኮረፈችባቸው ነገሮች በሙሉ አንድ በአንድ ትርጉማቸው ሲለወጥ በፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ራዳር። ድምፁን ሳይሆን ከንፈሩን ነው ያንቀሳቀሰው፤ ለአባቱ እሱ ይበቃል።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ደጁ መለሱ። «ፈራሁ፣ ልጄ። ካልተናገርኩት ያልሆነ መሰለኝ።» «ያኔ የኔ ግራ ሲሄድ ምን እንዳደረግኩ ነግሬህ አላውቅም። ማተሚያው ሲዞር የሚያንቋቋ ነገር ነበረው። አንድ ሰሞን ዘይት አጠጣሁት፣ ብሎኑን አጠበቅኩት፣ ከሥሩ አልወጣም አልኩ። አንድ ቀን ጸጥ አለ። ዘለልኩ! ለአለቃዬ ሮጬ ሄጄ ማሽኑን አዳንኩት አልኩት። በሰው ፊት አመሰገነኝ እኮ! ማሽኑ ግን አልዳነም ነበር። እንዳንቋቋ ነው። ሁሉም ይሰማዋል፣ አይዞህ በርታ እያሉኝ ይተያያሉ።»

ሳቁ። ማንም አብሯቸው አልሳቀም።

ሚስትየው ማዳመጫውን ከፎጣው ላይ አነሣች። ገልብጣ ያዘችውና ወደ ባሏ ጠጋ አለች።

«እንዲያ አይጠለቅም» አለ።

«ማን ያይሃል?»

«ገመዱ በግራ ነው የሚወርደው። ሕግ ነው።»

«ውዴ» አለች። በስሙም በቅጽል ስሙም አልጠራችውም። «አንዴ ብቻ።»

እጁን አንሥቶ ሊከለክላት ይችል ነበር። አልከለከላትም፤ ግን አልረዳትም። ሞት እንደተፈረደበት ሰው ራሱን ዝቅ አደረገላት። ገመዱ በቀኝ ትከሻው ላይ ወረደና የሸሚዙን አንገት ነካው፤ የሌላ ሰው እጅ የነካው ያህል ዘገነነው። እሷ ቅጂውን ከፈተች።

በቀኝ ጆሮው አንባቢዋ ጮኸች። በሕይወቱ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቷት አያውቅም። በግራው በኩል ምንም አልነበረም። ጥጥም አልነበረም፤ ከጥጥ ጀርባ የምታወራ ሴትም አልነበረችም። ያ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነበር፤ ባዶ ቤት ውስጥ ተረስቶ እንደቀረ ማንቆርቆሪያ።

ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱ አፉን እያየች ነበር፣ ልክ እንደ አባቱ።

«ግራ ላይ ነው» አላት። «አልተነቃነቀም።»

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምትሠራ አንዲት የጆሮ ሐኪም አገኙ። ክፍሏ ጠባብ ነች፤ ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፤ በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ድምፅ በቢላ የተቆረጠ ያህል ይጠፋል። ራዳር ሃያ ዓመት እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው የኖረው። ዛሬ ግን በሩ ሲዘጋ ዞር ብሎ እጀታውን አየ።

«ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ ሁለት።»

ሐኪሟ ከወረቀቷ ቀና አለች። «አሥራ ሁለት ቀን ምን ሲያደርጉ ቆዩ?»

ሚስቱ ከቦርሳዋ ደብተሩን አውጥታ ሰጠች። ሐኪሟ ገጾቹን ቀስ ብላ አገላበጠች። ሱፍ በምላጭ ሳሳ። ሱፍ ወጣ። ካፖርት አንድ። ካፖርት ሁለት። በየመስመሩ ጫፍ «ተስተካክሏል»።

«እኔ በመሣሪያ የምለካውን እርስዎ በካፖርት ጨርቅ ለክተውታል» አለች በመጨረሻ። ቀልድ አልነበረም። «እንዲህ በድንገት የሚመጣ ሲሆን መድኃኒቱ ጥሩ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ቢቀድሙ ኖሮ ይሻል ነበር።»

«አባቴ…»

«የአባትዎ በዓመታት የማሽን ጩኸት የመጣ ይመስላል። የእርስዎ በአንድ ሰኞ የመጣ ነው። መንገዳቸው አንድ አይደለም። ዛሬውኑ መድኃኒት እንጀምራለን። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ አይመለስም ብዬም ተስፋ አላስቆርጥዎትም። መጀመሪያ ግን ስንት እንደቀረ እንየው።» ወደ ሚስቱ ዞረች። «እህቴ፣ እዚያች በርጩማ ላይ መቀመጥ ይችላሉ፤ ድምፅ ብቻ እንዳያሰሙ።»

አዲስ ማዳመጫ አጠለቀችለት። የቀኙ ቀይ ምልክት፣ የግራው ሰማያዊ ምልክት ነበረው። አንዲት ቁልፍ እጁ ላይ አስጨበጠችው። ድምፅ በሰሙ ቁጥር፣ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ይጫኑ አለችው።

በቀኙ ጀመሩ። ጭልፊት ነበር። የሳሳውን፣ የራቀውን፣ ሊጠፋ አንድ ክር የቀረውን ሁሉ ለቀመው። ለአፍታ ራዳር ሆነ። ሚስቱ ከበርጩማዋ ላይ ፈገግ አለችለት።

«አሁን ግራውን» አለች ሐኪሟ። «በቀኙ የዝናብ የመሰለ ሹክሹክታ ይሰማዎታል። ቀኙ ለግራው እንዳይሰማለት ነው።»

ዝናቡ መጣ። ራዳር አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

ምንም አልመጣም።

ሐኪሟ መሣሪያዋ ላይ አንድ ነገር አዞረች። ምንም። ደግሞ አዞረች። እሱ የድምፅ ሰው ነው፤ በቀኙ ጊዜ ድምፆቹ በየስንት ሰከንድ ይመጡ እንደነበር ሳይፈልግ ቆጥሮታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ድምፅ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሁን ድምፁ መጥቶ መሆን አለበት። አሁን ብጫን? ሐኪሟ በምን ታውቃለች? ሰኞ ጆሮው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ይዞ ስቱዲዮ ይገባል። አለቃው መኪናውን ያስፈታል። አንባቢዋ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። አውራ ጣቱ ላበው።

በዚያች ቅጽበት የሚስቱን ፊት አየ።

ቅንድቧ ትንሽ ተነሣ። ወዲያው ዓይኖቿ ወደ እጁ፣ ቁልፉን ወደያዘው አውራ ጣቱ ወረዱና እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ አልገባውም። ከሦስት ሰከንድ በኋላ ቅንድቧ ደግሞ ተነሣ። ያኔ ገባው። እየሰማች ነው። ድምፁ ከማዳመጫው ጠርዝ አፈትልኮ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ በርጩማዋ ድረስ እየደረሰላት ነው። የእሱን ጆሮ አልፎት ነው የሚሄደው።

ቅንድቧ ሲነሣ ቢጫን ይበቃል። ማንም አያውቅም። ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ ሳታውቀው «ተጫን» እያለችው ይመስላል። የማዳመጫውን ሱፍ እንደላጨ፣ ካፖርቱን እንደደራረበ፣ ይህንንም ማስተካከል ይቻል ነበር።

ራዳር ዓይኑን ጨፈነ።

ጨለማው ውስጥ ዝናቡ በቀኙ ይዘንባል፤ ፉጨቱ በግራው ያፏጫል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አልተጫነም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አልተጫነም። መቁጠሩንም ተወው። ስንት እንዳለፈ አያውቅም።

ከዚያ ከፉጨቱ ጀርባ፣ ከግድግዳ ማዶ እንዳለች ትንኝ፣ አንድ ነገር ያለ መሰለው። ጠፋ። ደግሞ መጣ። የፉጨቱ አልነበረም፤ ፉጨቱ አይቆምም፣ ይሄኛው ይቆማል።

ተጫነ። ዓይኑን ግን አልገለጠም።